የጥንቱ የኦሊምፒያ ውድድርና የዛሬው ኦሊምፒክ፦ በእርግጥ የተወረሰው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ዘወልዲያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ታዳሚዎች። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የክርክር ክበባችን ለዚህ መንፈቀ ዓመት የመረጠው ርእስ የዛሬው ኦሊምፒክ የጥንት ግሪኮች ውርስ ነው ወይስ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ነገር የሚል ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ማስረጃ በማሰባሰብ ላይ ይገኛሉ። በቤተ መጻሕፍታችን ያሉት መጻሕፍት ግን ውድድሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ተጀመረ፣ በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በቴዎዶስዮስ ዘመን ቆመ፣ በ1896 ደግሞ በፈረንሳዊው ባላባት በፒየር ደ ኩበርተን አነሣሽነት በአቴንስ እንደገና ተጀመረ ከማለት አልፈው ስለ አሠራሩ የሚነግሩን እምብዛም የለም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መልስ የምትሰጡም በዚያው ብትቀጥሉ ተማሪዎቹ አይደናገራቸውም።)

የውርሱ ደጋፊዎች ችቦውንና ማራቶኑን ዋና ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው የጥንቶቹ ለወይራ ቅጠል ብቻ ሲሉ ይወዳደሩ ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ለገንዘብ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ከስም በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም ይላሉ። በውድድሩ ወቅት በግሪክ ምድር ጦርነት ሁሉ ይቆም ነበር የሚለውን ግን ሁለቱም ወገኖች ያለ ጥያቄ ተቀብለውታል። እኔ ደግሞ አቴንስና ስፓርታ ስንት ዘመን እንደተፋጁ እያስተማርሁ ይህን አባባል እንዳለ መቀበል አልሆነልኝም። ጉዳዩን የምታውቁ ሰዎች ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ ጥንተ ነገር

መምህር፣ ችቦን ማስረጃ ያደረጉት ተማሪዎችዎ ከወዲሁ ሌላ ማስረጃ ቢፈልጉ ይሻላቸዋል። በኦሊምፒያ ሳይጠፋ የሚጠበቅ የምድጃ እሳት እንደነበረ፣ በአቴንስም ለፕሮሜቴዎስና ለሄፋይስቶስ ክብር ወጣቶች ችቦ ይዘው የሚሽቀዳደሙበት በዓል እንደነበረ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በኦሊምፒያ እሳት ለኩሶ በሯጮች ቅብብል ወደ አዘጋጁ ከተማ የመውሰድ ሥርዓት የተጀመረው በ1936፣ ለበርሊን ኦሊምፒክ ሲሆን፣ ያደራጀውም ጀርመናዊው ካርል ዲም ነው። ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሯጮች እየተቀባበሉ ያደረሱት ያ እሳት ለሂትለር መንግሥት ጥሩ የማስታወቂያ መሣሪያ ሆኖ እንዳገለገለ ተማሪዎቹ ቢያውቁት መልካም ነው። አምስቱ ቀለበቶችም ቢሆኑ ኩበርተን በ1913 የነደፋቸው ናቸው፤ በውድድር ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተውለበለቡትም በ1920 በአንትወርፕ ነው። ስለ ማራቶን ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ እዚህ አሉ።

ኦሊምፒያ ራሷ ከተማ አልነበረችም፤ በምዕራብ ፔሎፖኔዝ የምትገኝ፣ በኤሊስ ከተማ ሰዎች የምትተዳደር የዜውስ መቅደስ ነበረች። በመጀመሪያ የሚካሄደው ውድድር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የመሮጫውን አንድ ርዝመት፣ 192 ሜትር ያህል፣ ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መሮጥ። የመጀመሪያው አሸናፊ ተብሎ ስሙ የተመዘገበው የኤሊሱ ኮሮይቦስ ሲሆን፣ መተዳደሪያው ምግብ ማብሰል እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በኋላ በ724 የደርሶ መልስ ሩጫ፣ በ720 ረጅሙ ሩጫ፣ በ708 ትግልና «አምስት ዓይነት ውድድር» (አንድ ሰው በአምስት ስፖርት የሚፈተንበት)፣ በ688 ቦክስ፣ በ680 የአራት ፈረስ ሠረገላ እየተጨመሩ ሄዱ። የጦር ልብስና ጋሻ ይዞ መሮጥ የተጨመረው ዘግይቶ፣ በ520 ነው። እነዚህ ሁሉ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያሉ ዓመታት ሲሆኑ፣ የጥንቶቹ አሰናድተው ባስተላለፉት መዝገብ መሠረት የተሰጡ ናቸው። መሮጫው እንደ ዛሬው ክብ አልነበረም፤ ሯጩ በዳር የተተከለውን ምሰሶ ዞሮ ይመለሳል። የእግር ጣት ማሳረፊያ ሁለት ቦይ የተቀረጸበት የድንጋይ መነሻ መስመርም እስከ ዛሬ በቦታው ይታያል።

የኦሊምፒያ ውድድር ብቻውን አለመሆኑንም አይዘንጉ። በዴልፊ ለአፖሎ፣ በቆሮንቶስ አጠገብ ባለችው በኢስትሚያ ለፖሲዶን፣ በኔሜያ ደግሞ እንደገና ለዜውስ የሚደረጉ ውድድሮች ነበሩ። ሽልማታቸውም በቅደም ተከተል የሎረል ዛፍ፣ የጥድ (በሌላ ዘመን የሴለሪ) እና የሴለሪ ቅጠል አክሊል ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ስለሚሮጡ ሰዎችና ስለሚጠፋው አክሊል ሲናገር፣ የኢስትሚያን ውድድር የምታስተዳድረው ቆሮንቶስ ነበረችና አንባቢዎቹ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ለተማሪዎችዎ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይህ ቦታ ይቀርባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ በእኔ አስተያየት ከጥንቱ ውድድር ለዛሬው የቀረበው በዓሉ ሳይሆን ሙግቱ ነው። ተወዳዳሪዎች ከነአባቶቻቸው፣ ከነወንድሞቻቸውና ከነአሰልጣኞቻቸው በዜውስ ሐውልት ፊት፣ በታረደ ከርከሮ ሥጋ ላይ፣ ምንም ዓይነት ተንኮል ላለመሥራት ይምላሉ፤ ተወዳዳሪዎቹም አሥር ወር ሙሉ ልምምድ ማድረጋቸውን በመሐላ ያረጋግጣሉ። ዳኞቹ ጥፋተኛውን በገንዘብ ከመቅጣት አልፈው በዱላ የማስገረፍ ሥልጣን ነበራቸው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ በ388 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቴሳሊያው ቦክሰኛ ኤውፖሎስ ሦስት ተጋጣሚዎቹን በገንዘብ ገዝቶ ተገኘ። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዮቹም ተቀጡ፤ ከቅጣቱ ገንዘብ ስድስት የዜውስ የነሐስ ሐውልቶች ተሠርተው ወደ ስታዲየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር ቆሙ። በኦሊምፒያ ማሸነፍ የሚገባው በእግር ፍጥነትና በሰውነት ጉልበት እንጂ በገንዘብ አለመሆኑን የሚያስገነዝብ ጽሑፍም በሐውልቱ ሥር ተቀረጸ። ወደ ውድድሩ የሚገባ ሁሉ ቀድሞ እነርሱን እያየ ያልፍ ነበር። ሐውልቶቹ ዛሬ የሉም፤ መቆሚያ ድንጋዮቻቸው ግን አሉ።

ከዚህ የባሰው የአቴንሱ የካሊፖስ ጉዳይ ነው። በ332 በአምስት ዓይነት ውድድር ተጋጣሚዎቹን በጉቦ ማሸነፉ ታውቆ ቅጣት ሲፈረድበት፣ የገዛ ከተማው አቴንስ ጥፋቱን ከማውገዝ ይልቅ ሂፔሬይደስ የተባለውን ታላቅ ተናጋሪዋን ልካ ምሕረት እንዲደረግለት ተሟገተች። ኤሊሶች እምቢ ሲሉ አቴናውያን አኩርፈው ከውድድሩ ቀሩ። በመጨረሻም የዴልፊው ጠንቋይ ቤት ገንዘቡ ካልተከፈለ ለአቴንስ አንድም ትንቢት እንደማይነገር ስላስታወቀ ከፈሉ። አንድ አገር በአበረታች መድኃኒት የተያዘበትን አትሌት ለማዳን ዛሬ የሚያደርገውን ሩጫ የተመለከተ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስገርመው ነገር አያገኝም። ዳኞቹም ቢሆኑ ንጹሓን ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ67 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በአሥር ፈረስ ሠረገላ ሲወዳደር ወድቆ፣ ውድድሩንም ሳይጨርስ አሸናፊ ተብሎ አክሊል ደፍቷል። ውጤቱ የተሰረዘው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

መልስ፦ የሩጫ አሰልጣኝ

ስለ ማራቶን እኔ ልመልስ። ለብዙ ዓመታት ወጣት ሯጮችን ሳሠለጥን ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቁኝ ስለዚያ «ድል አደረግን» ብሎ ወድቆ ሞተ ስለሚባለው መልእክተኛ ነበር።

የማራቶን ጦርነት የተደረገው በ490 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ለዘመኑ ቅርብ የሆነው ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የሚነግረን ሌላ ታሪክ ነው። እርሱ እንደሚለው ፊዲፒደስ የተባለው መልእክተኛ ከጦርነቱ በፊት ዕርዳታ ለመጠየቅ ከአቴንስ ወደ ስፓርታ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ተጉዞ በማግስቱ ደርሷል። ከማራቶን ወደ አቴንስ ሮጦ የድሉን ዜና ነግሮ ሞተ የሚለውን የምናገኘው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው በጻፉት በፕሉታርክና በሉሲያን ዘንድ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ በሯጩ ስም አይስማሙም። እንደ ውድድር ደግሞ ጥንት ከናካቴው አልነበረም። ለመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ይህ ሩጫ ይኑር ብሎ በ1894 ሐሳብ ያቀረበውና ዋንጫ እሸልማለሁ ያለው ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሚሼል ብሬያል ነው። በ1896 ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ 40 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። የዛሬው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ደግሞ ከግሪክም ከማራቶንም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በ1908 የለንደን ውድድር መነሻውን ከዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻውን ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት ለማድረግ ሲባል የመጣ ልክ ነው። በቋሚነት የጸደቀው በ1921 ነው።

ተማሪዎቹ ከእኛ ሯጮች ጋር የሚያገናኘውን ክር ከፈለጉ ወደ ረጅሙ የግሪኮች ሩጫ እንዲመለከቱ እመክራለሁ። ርቀቱ በየቦታው ይለያይ እንደነበር ይታወቃል፤ ረጅሙ ሃያ አራት የስታዲየም ርዝመት ነው የሚባለውን ብንወስድ 4,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ፣ መሠረት ደፋር በ2004ና በ2012፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ካሸነፉበት ከ5,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ለእኔ ከማራቶን ይልቅ ጥንታዊ ዘመድ ያለው ይህ ርቀት ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ሯጭ በየ192 ሜትሩ ምሰሶ ዞሮ መመለስ ስለነበረበት ፍጥነቱን በየጊዜው ሰብሮ እንደገና መነሣት ግድ ይሆንበታል። ያንን ጉልበት የሚጠይቅ ሩጫ ያሠለጠነ ሰው ይረዳኛል።

ይህን ስል ማራቶን አዲስ ስለሆነ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ባሸነፈ በዓመቱ ወደ ግሪክ ተጉዞ፣ ያንኑ ከማራቶን መንደር እስከ አቴንስ የሚወስደውን መንገድ እንደገና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። ብዙ ሰው ሮምንና ቶኪዮን ያነሣል፤ ይህኛውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። መንገዱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከ10ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 31ኛው ድረስ በአብዛኛው ዳገት ነው። በ2004 ኦሊምፒክ በዚሁ መንገድ ላይ በሴቶች እልፍነሽ ዓለሙ አራተኛ ወጥታለች፤ በዚያ ሙቀትና በዚያ ዳገት አራተኛ መውጣት ከሚገባው በታች የተወራለት ውጤት ነው እላለሁ።

መልስ፦ ሶስና ዘፍራንክፈርት

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ የተቃዋሚ ቡድኑ መከራከሪያ ከሥሩ የተናጋ ነው። በኦሊምፒያ የሚሰጠው የወይራ አክሊል ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጣም ምንም አልነበረም። ነገር ግን አሸናፊው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ሶሎን በአቴንስ ባወጣው ሕግ የኦሊምፒያ አሸናፊ 500 ድራክማ፣ የኢስትሚያ አሸናፊ ደግሞ 100 ድራክማ ከከተማው ይሰጠው ነበር። ይህን የዘገበው ፕሉታርክ በዚያ ዘመን አንድ በግ በአንድ ድራክማ ይተመን እንደነበር ስለሚነግረን፣ ሽልማቱ ከአምስት መቶ በግ ጋር የሚመጣጠን ነበር ማለት ነው። አሸናፊዎች በከተማው የክብር አዳራሽ ዕድሜ ልካቸውን በነጻ ይመገባሉ። ሶቅራጥስ በተፈረደበት ጊዜ ከኦሊምፒያ አሸናፊዎች ይልቅ ያ ምግብ ለእኔ ይገባኛል ብሎ ዳኞቹን ያስቆጣቸው ስለዚህ ነው።

በሌሎች ከተሞች ደግሞ ሽልማቱ በግልጽ ሀብት ነበር። በአቴንስ በሚደረገው በፓናቴናያ በዓል ለታዳጊ ልጆች የአጭር ርቀት ሩጫ አንደኛ ለወጣው 50 ጋን የወይራ ዘይት፣ ለሁለተኛው 10 ጋን እንደሚሰጥ የሚገልጽ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ እያንዳንዱ ጋን 38 ሊትር ገደማ የሚይዝ ነው። ይህን ዘይት አንድ ቤተሰብ ሊጨርሰው አይችልም፤ ይሸጣል። ከበዓል ወደ በዓል እየዞሩ በዚህ የሚተዳደሩ ብርቱ አትሌቶችም ነበሩ። የሮድሱ ሊዮኒዳስ ከ164 እስከ 152 ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራት ተከታታይ ውድድሮች፣ በየጊዜው በሦስት ዓይነት ሩጫ አሸንፎ 12 አክሊል ሰብስቧል። ይህን የግል ድል ብዛት ያለፈው ሰው እስኪገኝ ድረስ እስከ 2016፣ እስከ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ 13ኛ የግል የወርቅ ሜዳሊያ ድረስ መጠበቅ አስፈልጓል።

እንግዲያው ያለ ገንዘብ መወዳደር ንጽሕና ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከወዴት ነው ቢባል፣ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በ1866 በለንደን የተቋቋመው የአማተር አትሌቲክስ ክበብ በእጅ ሥራ የሚተዳደሩትን፣ አንጥረኛውንና የቀን ሠራተኛውን፣ ከአማተርነት የሚያገል ደንብ ነበረው። ጌቶቹ ከሠራተኛው ጋር ላለመሽቀዳደም ያወጡትን ደንብ የጥንት ግሪክ መንፈስ ብለው ሰየሙት። የዚህ ደንብ ሰለባ ከሆኑት ሁሉ የታወቀው ጂም ቶርፕ ነው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆነው ይህ ሰው በ1912 በስቶክሆልም በአምስት ዓይነት ውድድር (ፔንታትሎን) እና በአሥር ዓይነት ውድድር (ዴካትሎን) ካሸነፈ በኋላ፣ ቀደም ሲል ጥቂት ገንዘብ እየተከፈለው ቤዝቦል ተጫውቷል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በ1982 ሜዳሊያዎቹ እንዲመለሱለት የተወሰነለት እርሱ ከሞተ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው በ2022 ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2024 በፓሪስ ለእያንዳንዱ የወርቅ ባለቤት 50,000 ዶላር መክፈል ሲጀምር የኦሊምፒክ መንፈስ ተሸጠ ብለው ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። ከእኛ ሯጮች በዚያ ውድድር ያገኘው የማራቶኑ ታምራት ቶላ ብቻ ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉም አዲስ ነገሮች ለጥንቱ አሠራር የቀረበው ይህ ክፍያ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ መምህር ዘወልዲያ

እጅግ አመሰግናለሁ። የካሊፖስንና የጂም ቶርፕን ታሪክ ሁለቱም ወገኖች እንዲያነቡት አደርጋለሁ። ስለ ጦርነቱ መቆም ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም። በተጨማሪም አንዲት ተማሪዬ ሴቶች በኦሊምፒያ ምን ቦታ ነበራቸው ብላ ጠይቃኝ በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ሌላኛው ደግሞ ከተማዎች በየጊዜው ለማዘጋጀት ቢሊዮኖችን ከሚያወጡ ለምን ሁልጊዜ በግሪክ አይደረግም ይላል።

መልስ፦ ሶስና ዘፍራንክፈርት

የሴቶቹን ባጭሩ ልመልስ። ባል ያላት ሴት በውድድሩ ቀናት በኦሊምፒያ መገኘት ክልክል ነበር፤ ከዴሜቴር ካህን በስተቀር። ያላገቡ ልጃገረዶች ግን በዚያው ስታዲየም በሌላ ጊዜ ለሄራ ክብር የሚሮጡበት የራሳቸው በዓል ነበራቸው፤ ርቀቱ ከወንዶቹ በአንድ ስድስተኛ ያጥር ነበር። በሠረገላ ውድድር አክሊሉ የሚሰጠው ለነጂው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት ስለሆነ፣ የስፓርታ ንጉሥ ልጅ ኪኒስካ በ396ና በ392 ከክርስቶስ ልደት በፊት አሸናፊ ተብላ ስሟ ተመዝግቧል። ኩበርተንም በዚህ ረገድ ከጥንቶቹ ብዙም አልራቀም፤ የሴቶችን ተሳትፎ እስከ መጨረሻው ተቃውሟል። በ1896 አንዲትም ሴት አልተወዳደረችም፤ በ1928 የ800 ሜትር ሩጫ ተፈቅዶ ወዲያው ተሰርዞ እስከ 1960 አልተመለሰም፤ የሴቶች ማራቶን የተጀመረውም በ1984 ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ስታሸንፍ ርቀቱ ለሴቶች ከተከፈተ ገና አራተኛው ኦሊምፒክ ነበር። ለተማሪዎ ይህን ቢነግሯት በክርክሩ ትጠቀምበታለች።

መልስ፦ ከሳሪስ

የእርቁን ጥያቄ ሁላችሁም ስትሸሹት ስላየሁ እኔ ልሞክረው። ከውድድሩ በፊት ሦስት የኤሊስ መልእክተኞች በየከተማው እየዞሩ ያውጁት የነበረው ቃል ኪዳን ጦርነትን በሙሉ የሚከለክል አልነበረም። የሚከለክለው ሁለት ነገር ነው፤ የኤሊስን ምድር በጦር መውረርና ወደ ኦሊምፒያ የሚጓዙ ተወዳዳሪዎችን፣ ተመልካቾችንና ምዕመናንን በመንገድ ላይ መንካት። አቴንስና ስፓርታ በሌላ ቦታ እየተዋጉ ሯጮቻቸው በኦሊምፒያ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችሉ ነበር። በ480 ከክርስቶስ ልደት በፊት የፋርሱ ንጉሥ በግሪክ ምድር ላይ ጦሩን አሰልፎ እያለ ውድድሩ አልተቋረጠም።

ቃል ኪዳኑን በሚጥሱ ላይ ግን እውነተኛ ቅጣት ነበረ። በ420 ኤሊሶች ስፓርታ በእርቁ ጊዜ ጦር አስገብታብናለች ብለው 2,000 ምና (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) ቀጧት። ስፓርታ እርቁ ገና አልታወጀልንም ነበር ብላ አልከፍልም ስላለች ከውድድሩ ታገደች። ሊካስ የተባለ ስፓርታዊ ባለ ፈረስ ሠረገላውን በቦዮቲያ ሰዎች ስም አስመዝግቦ ሲያሸንፍ፣ የእርሱ መሆኑን ለማሳወቅ ወደ ሜዳው ገብቶ ነጂውን አክሊል ስላደረገለት ዳኞቹ በሰው ፊት አስገረፉት። በአገሩ ስም እንዳይወዳደር ታግዶ በሌላ መለያ የሚቀርብ አትሌት ዛሬም አለና ታሪኩ እንግዳ አይሆንብንም፤ መገረፉ ብቻ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ከ«ጥንተ ነገር» ጋር በከፊል እለያለሁ። ሙግቱ ተወርሷል ማለት ትክክል ቢሆንም፣ በእርቁ ረገድ ውርሱ ተሰብሯል። የጥንቶቹ ተጓዡን መጠበቅ የሚል ጠባብ ነገር ቃል ገብተው በአብዛኛው ፈጸሙት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ1993 ጀምሮ በየውድድሩ ዋዜማ የሚያጸድቀው የኦሊምፒክ እርቅ ግን ጦርነት ሁሉ እንዲቆም የሚጠይቅ ሰፊ ቃል ሆኖ፣ የጣሰውን የሚጠይቅ ዳኛ የለውም። ከዚያም በላይ ዘመናዊው ኦሊምፒክ በ1916፣ በ1940ና በ1944 በጦርነት ምክንያት ራሱ ቀርቷል። ኢትዮጵያም በ1976፣ በ1984ና በ1988 በፖለቲካ ምክንያት አልተሳተፈችም፤ በ1976 የቀረችው የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መጓዙን በመቃወም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በጥሩ አቋሙ ላይ ሳለ የ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ አምልጦታል። ከውሳኔው ጋር ብስማማም፣ ዋጋውን የከፈሉት ሯጮቹ መሆናቸውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ለምን ሁልጊዜ በግሪክ አይደረግም ለሚለው፣ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የግሪኩ መሪ ኮንስታንቲኖስ ካራማንሊስ በ1976ና በ1980፣ እገዳና ቀሪነት ውድድሩን ሲያናጋው፣ ቋሚ ቦታ በአገራቸው እንዲሰጥ አቅርበው ነበር፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን አልተቀበለውም። እኔም የሚበጅ አይመስለኝም፤ ምክንያቴም ኦሊምፒያ ራሷ ናት። ቋሚ ቦታ ማለት ቋሚ ባለቤት ማለት ነው፤ ኤሊስ ያንን ባለቤትነት ከጎረቤቷ ከፒሳ ጋር ለዘመናት ስትነጣጠቀው ኖራለች። በ364 ከክርስቶስ ልደት በፊት አርካድያውያን ቦታውን ይዘው ከፒሳ ሰዎች ጋር ሆነው ውድድሩን ሲያካሂዱ፣ የፈረሱ ውድድር አልቆ የአምስቱ ዓይነት ውድድር ትግል ላይ እንደደረሰ ኤሊሶች ጦር ይዘው መጡ፤ በመቅደሱ ቅጥር ውስጥም ተዋጉ። ተከላካዮቹ ከሕንፃዎቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ወጉ፤ ሌሊቱንም ለበዓሉ የተሠሩትን ዳሶች አፍርሰው ምሽግ ሲሠሩበት አደሩ። ኤሊሶች ቦታውን መልሰው ከያዙ በኋላ ያን ዓመት ውድድር ከመዝገባቸው ሰርዘው እንዳልተደረገ ቆጠሩት።